ከማህፀን ውጪ የሚገኝ ኢንዶሜትሪዮሲስና ድንገተኛ የሆድ ህመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በወር አበባቸው ሰሞን ሆዳቸውን ድንገት የሚይዛቸው ሴቶችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ምንድን ነው?

ማህፀንን ከውስጥ የሚሸፍን፣ በየወሩ ወፍሮ የወር አበባ ሆኖ የሚወርድ ስስ ሽፋን አለ። ይህን ሽፋን የሚመስል ህዋስ ከማህፀን ውጪ ሌላ ቦታ ተጣብቆ ሲያድግ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። ያለበት ቦታ ማህፀን ባይሆንም የሆርሞንን ትእዛዝ ይሰማል፤ በወር አበባ ሰሞን ያብጣል፣ ይደማል፣ ዙሪያውን ያስቆጣል። ከማህፀን የሚወጣው ደም መንገድ አለው። አንጀት ላይ ወይም የሆድ ግድግዳ ውስጥ ያለው ግን መውጫ ስለሌለው እዚያው ይጠራቀማል። ቆይቶም ጠባሳ ይሠራል፤ ጎን ለጎን ያሉ አካላትን እንደ ሙጫ ያጣብቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ ይህ በሽታ አለባቸው። ብዙዎቹ የህመማቸውን ስም ሳይሰሙ ዓመታት ያልፋሉ። ካንሰር አይደለም፣ ተላላፊ አይደለም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም አይመጣም። ይህን የምለው ባሎቻቸው በጥርጣሬ ያዩአቸው ሴቶች ስላሉ ነው።

ከማህፀንና ከኦቫሪ (እንቁላል ከሚያመነጨው እጢ) ውጪ የት የት ይገኛል?

ከመራቢያ አካላትና የዳሌን ውስጥ ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው አንጀት ላይ ነው። ከአንጀትም የታችኛው ትልቁ አንጀትና የሰገራ መውጫው አካባቢ ይቀድማሉ፤ ቀጥሎ ትርፍ አንጀትና የትንሹ አንጀት መጨረሻ ይመጣሉ። ሽንት ፊኛ ላይ፣ ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚያወርደው ቱቦ ላይ፣ በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት የቁስል ጠባሳ ውስጥ፣ እምብርት ላይና ብሽሽት ውስጥም ይገኛል። ሆድና ደረትን በሚለየው ድያፍራም ላይ፣ አልፎ አልፎም ሳንባ ላይ ይታያል። የዳሌ ነርቭ ላይ ሆኖ በየወሩ እግር ድረስ የሚወርድ ህመም ያመጣባቸው ሴቶችም አሉ።

ከማህፀን ወጥቶ እዚያ ድረስ እንዴት ይሄዳል?

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጆን ሳምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ያቀረበው ማብራሪያ ዛሬም ዋነኛው ነው። በወር አበባ ጊዜ ከደሙ ጥቂቱ በማህፀን ቱቦዎች ወደ ኋላ ተመልሶ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፤ አብሮት የሄደው ህዋስም ያገኘው አካል ላይ ይጣበቃል። ችግሩ ይህ ወደ ኋላ መፍሰስ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ የሚከሰት መሆኑ ነው፤ በሽታው የሚይዘው ግን ጥቂቶቹን ነው። ስለዚህ የሰውነት መከላከያ፣ የሆርሞንና የዘር ድርሻም ይታከልበታል። እናቷ ወይም እህቷ ያለባት ሴት የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ይበልጣል።

ሳንባ ላይ የሚገኘውን ለማስረዳት ደግሞ በደምና በሊምፍ ሥር ይጓዛል፣ ወይም እዚያው ያለ ህዋስ ጠባዩን ቀይሮ ነው የሚሉ ማብራሪያዎች አሉ። የኦፕራሲዮን ጠባሳ ውስጥ ያለው ግን ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ማህፀን ሲከፈት ህዋሱ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል። በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ አንቺ ያደረግሽው ወይም ያጎደልሽው ነገር ያመጣው አይደለም።

የተለመደው የወር አበባ ቁርጠት መሆኑን በምን እለያለሁ?

የተለመደው ቁርጠት ደሙ ሲጀምር ይመጣል፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል፣ አይቡፕሮፌን ሲወሰድለት ይታገሣል፣ ከሥራና ከትምህርት አያስቀርም። የኢንዶሜትሪዮሲስ ህመም ብዙ ጊዜ ደሙ ከመምጣቱ ከቀናት በፊት ይጀምራል፤ ደሙ ከቆመ በኋላም ይቆያል፤ ከዓመት ዓመት ይብሳል። በወር አበባ ሰሞን ሰገራ ስትቀመጪ የሚወጋ ህመም፣ ሽንት ስትሸኚ ማቃጠል፣ የሆድ መነፋት፣ ተቅማጥና ድርቀት መፈራረቅ፣ በግንኙነት ጊዜ ወደ ውስጥ የሚሰማ ህመም ካለ መጠርጠር ይገባል። ልጅ እምቢ ማለትም ምልክት ሊሆን ይችላል።

በየቤቱ «ስትወልጂ ይለቅሻል» ይባላል። በቅንነት የሚባል ነው፤ ግን በየወሩ ከክፍል የምትቀር ልጅ ይህን ተብላ መመለስ የለባትም። ብዙዎቹ ጨጓራ፣ አሜባ፣ ታይፎይድ እየተባሉ በየክሊኒኩ መድኃኒት ሲለዋውጡ ይከርማሉ። ጨጓራ የወር አበባን ቀን እየጠበቀ አይነሳም።

ርካሹና አስተማማኙ ነገር ቀን መጻፍ ነው። የቀን መቁጠሪያው የኛም ይሁን የፈረንጅ፣ የወር አበባሽ የመጣበትንና የሄደበትን ቀን፣ ህመሙ የተነሳበትን ቀንና ቦታውን ለሦስት ወር ያህል መዝግቢ። ያን ወረቀት ይዘሽ ስትገቢ ሐኪሙ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ የሚያስበው ነገር ይቀየራል።

የቆየ በሽታ ከሆነ ታዲያ ድንገተኛ ህመም እንዴት ያመጣል?

ቀስ እያለ የከረመው ነገር አንድ ቀን ልክ ሲያልፍ ነው። አንጀት ላይ ያለው እብጠት አንጀቱን እያጠበበው ኖሮ በአንድ የወር አበባ ሰሞን ጨርሶ ሊዘጋው ይችላል። ትርፍ አንጀት ላይ ያለው መተላለፊያውን ደፍኖ ልክ እንደ ማንኛውም የትርፍ አንጀት ህመም ያስቆጣዋል። በጠባሳ የተጣበቀ አንጀት ይታጠፋል። አልፎ አልፎም አንጀት ይበሳል፣ ወይም የደም ሥር ተነክቶ ደም ሆድ ውስጥ ይፈስሳል። የሽንት ቱቦው ሲታነቅ ህመሙ ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ የኩላሊት ጠጠር ይመስላል።

ሆዴን ድንገት ሲይዘኝ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ህመሙ እንደ ወትሮው ካልሆነ፣ ማስታገሻ ካልበገረው፣ ሆድሽ ከደረቀና ሲነካ ካላስችል፣ ትኩሳት ካለ፣ ራስሽን ካዞረሽ ወይም ከሳትሽ፣ ደጋግሞ ካስመለሰሽ፣ ሆድሽ ተነፍቶ ሰገራም ፈስም አልወጣ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወዲያው ሂጂ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ኢንዶሜትሪዮሲስ እንዳለብሽ ብታውቂ እንኳ «ያው የተለመደው ነው» ብለሽ አትተኚ። የታወቀ በሽታ ያለባት ሴት ትርፍ አንጀትም ሊታመም፣ ኦቫሪዋም ሊጠማዘዝ ይችላል።

ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት ከማህፀን ውጪ የተፈጠረ እርግዝና ነው። ቱቦው ፈንድቶ ደም ወደ ውስጥ ሲፈስስ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ ትንሽ ደም ስለሚያሳይም የወር አበባ ነው ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ የእርግዝና ምርመራ ሲታዘዝልሽ አትከፊ። ያላገባችም፣ መከላከያ የምትወስድም፣ ቱቦዋን ያስቋጠረችም ትመረመራለች። በባለሙያው በኩል ግብረ ገብን የመመዘን ጉዳይ የለበትም፤ አንድን ገዳይ ነገር በጥቂት ደቂቃ የማስወገድ ጉዳይ ነው።

እስክትደርሺ ድረስ ሦስት ነገር ራቂ። የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ የሀገር ባህሉም ቢሆን፣ አትውሰጂ፤ አንጀት ተዘግቶ ከሆነ ሊበሳው ይችላል። ሆድሽን አትታሺ። እህልና ውሃም አትውሰጂ፤ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል።

ድንገተኛ ክፍል ስገባ ለሐኪሙ ምን ልንገረው?

ሳትጠየቂ የመጨረሻ የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ተናገሪ። ከዚያ ይህ ህመም ከዚህ በፊት በየወሩ መጥቶ እንደሆነ፣ በኦፕራሲዮን መውለድሽን ወይም ሌላ የሆድ ቀዶ ጥገና መኖሩን፣ የምትወስጂውን የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ልጅ ፈልገሽ የቆየሽ ከሆነም ይህንኑ። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ሆድ የያዛት ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምትጠየቀው ስለበላችው ነገር ነው፤ የወር አበባ ጥያቄው ይዘለላል። አንቺ ካላነሳሽው ማንም ላያነሳው ይችላል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ እንዳለባቸው እወቁ። እንግሊዝኛ የሚችል ወንድ ልጇን ይዛ የገባች እናት ስለ ወር አበባዋና በግንኙነት ጊዜ ስለሚሰማት ህመም በልጇ በኩል አታወራም። ዋናው ፍንጭ የሚቀረው እዚያ ላይ ነው። አማርኛ አስተርጓሚ፣ ከተቻለም ሴት፣ ብላችሁ ጠይቁ።

ትርፍ አንጀት ተብዬ ኦፕራሲዮን ሆንኩ፤ የናሙናው ውጤት ግን «ኢንዶሜትሪዮሲስ» ይላል። ተሳስተው ነው ያወጡት?

አይደለም። ትርፍ አንጀት ላይ ያለ ኢንዶሜትሪዮሲስ ህመሙም፣ ትኩሳቱም፣ የደም ምርመራውም እንደ ማንኛውም የትርፍ አንጀት ህመም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ በዓይኑ አይቶ ላይለየው ይችላል፤ ቁርጡ የሚታወቀው ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። መውጣቱ ትክክለኛ ሕክምና ነበር።

ቀጣዩ ጥያቄ ሌላ ቦታስ አለ ወይ የሚለው ነው፤ ከማህፀን ሐኪም ጋር ቀጠሮ ያዢ። ብዙ ቦታ የወጣው አካል ናሙናን በማይክሮስኮፕ ወደሚመረምረው ክፍል፣ ወደ ፓቶሎጂ፣ ሳይላክ ይቀራል፣ ወይም ተልኮ ውጤቱን የሚቀበል ሰው ይጠፋል። ከኦፕራሲዮን በኋላ «ናሙናው ተልኳል ወይ? ውጤቱን መቼ ልውሰድ?» ብሎ መጠየቅ የታካሚዋ መብት ነው። ውጤቱን ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪው።

በኦፕራሲዮን ከወለድኩ በኋላ ጠባሳዬ አጠገብ እብጠት ወጣ፤ በወር አበባዬ ጊዜ ያመኛል። ምንድን ነው?

በኦፕራሲዮን የወለደች፣ ጠባሳዋ አጠገብ እብጠት ያላት፣ እብጠቱም ከወር አበባዋ ጋር የሚያማት ሴት ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ የሆድ ግድግዳ ኢንዶሜትሪዮሲስ እንዳለባት ይታሰባል። ብዙ ጊዜ ከጠባሳው ዳርና ዳር አንደኛው ጫፍ ላይ ይገኛል፤ ጠጣር ነው፣ ሲነካ ያማል፣ አንዳንዴ ቆዳው ይጠቁራል። በኦፕራሲዮን ከወለዱት ከመቶ አንዷን እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም በኦፕራሲዮን የሚወልዱ ሴቶች በበዙ ቁጥር እየተለመደ መሄዱ አይቀርም። ከወለዱ ዓመታት ቆይቶ ስለሚወጣ ሴትየዋ ራሷ ከወሊዱ ጋር አታገናኘውም። ይባስ ብሎ አንዳንዶቹ ላይ ህመሙ ወርን አይጠብቅም፤ ሁልጊዜ ያማል።

የሚሳሳተው ከቡአ፣ ከመግል፣ ከተረሳ የስፌት ክርና ከስብ እጢ ጋር ነው። መግል ነው ተብሎ የተቀደደና ደም ብቻ የወጣው እብጠት ካለ ኢንዶሜትሪዮሲስን ማሰብ ይገባል። ድንገት ሲያብጥና ሲቀላ የታነቀ ቡአ ስለሚመስል ለሊቱን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ያስገባል። አልትራሳውንድ ጥሩ መነሻ ነው፤ የጥልቀቱን መጠን ለማወቅ ኤምአርአይ ይረዳል።

እዚህ ቦታ ላይ የሆርሞን መርፌና ኪኒን ህመሙን ለጊዜው ያበርዳሉ እንጂ እብጠቱን አያጠፉትም። መፍትሔው ዙሪያውን ካለው ጤነኛ አካል አንድ ሴንቲሜትር ያህል ጨምሮ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው። ከጡንቻው ሽፋን ብዙ ከተቆረጠ ክፍተቱ በመረብ ይደገፋል። ሙሉ በሙሉ ከወጣ አብዛኞቹ ሴቶች ይድናሉ፤ በዚህ በሽታ ውስጥ እንዲህ አፍ ሞልቶ መናገር የሚቻልበት ቦታ ብዙ አይደለም።

እምብርቴ በየወሩ ይደማል። ይህም እሱ ነው?

ሊሆን ይችላል። እምብርት ላይ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው እብጠት ወጥቶ በወር አበባ ቀን ከደማ የዚሁ በሽታ አንዱ መልክ ነው። መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1886 ስለሆነ አዲስ ነገር አይደለም። ከእርግማን ወይም ከዓይን ጋር አያይዞ መደበቅ ግን ዛሬም አለ። ከሆድ ውስጥ ካንሰር የሚመጣ የእምብርት እብጠትም ስላለ ናሙናው መመርመር አለበት።

አንጀቴ ተዘግቷል ተባልኩ። በኢንዶሜትሪዮሲስ አንጀት ይዘጋል?

አዎ፤ ብርቅ ቢሆንም ይሆናል። በኢትዮጵያ አንጀት ተዘጋ ሲባል ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያስቡት የትልቁን አንጀት መጠማዘዝ፣ ከቀድሞ ኦፕራሲዮን የቀረ መጣበቅን፣ የታነቀ ቡአንና የአንጀት ቲቢን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። በወጣት ሴት ላይ ግን፣ በተለይ ቀድሞ ኦፕራሲዮን ያልነበራት ከሆነና ህመሙ ከወር አበባ ጋር ሲመላለስ ከኖረ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ ከዝርዝሩ መውጣት የለበትም።

በሽታው አንጀትን የሚወርረው ከውጪው ግድግዳ ወደ ውስጥ ነው፤ የውስጠኛው ሽፋን ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል። በዚህ የተነሳ በካሜራ የሚደረገው የአንጀት ምርመራ፣ ኮሎኖስኮፒ፣ ደህና ነሽ ሊል ይችላል። ሲቲ ስካንም መዘጋቱንና የተዘጋበትን ቦታ ያሳያል እንጂ እብጠቱ ምን እንደሆነ ቁርጡን አይናገርም፤ ካንሰር ሊመስልም ይችላል። ጨርሶ የተዘጋ አንጀት በሆርሞን አይከፈትም። የታመመው ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፤ እንደ ሁኔታው ሰገራ ለጊዜው በሆድ በኩል እንዲወጣ ሊደረግም ይችላል። ያ መውጫ ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ተዘግቶ አንጀቱ መልሶ ይገጠማል።

በወር አበባዬ ጊዜ ቀኝ ጎኔንና ትከሻዬን ይወጋኛል፤ ሐሞት ነው ይሉኛል።

ሐሞት ሊሆን ይችላል፤ በአልትራሳውንድ ይታያል። ጠጠር ካልተገኘና ህመሙ ወርን ከጠበቀ ድያፍራም ላይ ያለ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይታሰብ። ድያፍራም ሲቆጣ ህመሙ ወደ ትከሻ ይወጣል፤ በብዛትም ቀኙን ይመርጣል። የወር አበባ በጀመረ በ72 ሰዓት ውስጥ ደረት ወግቶሽ ትንፋሽ ካጠረሽ ሳንባ ዙሪያ አየር ገብቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የደረት ራጅ ያሳየዋል። ይህን ሁለቴ ያየች ሴት የሁለቱንም ቀን ከወር አበባዋ ጋር ማመሳከር አለባት።

ኩላሊትን ይጎዳል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ከሁሉም በላይ የምፈራው መልኩ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሳያም ሊጎዳ ይችላል። የሽንት ቱቦውን ከውጪ እየጨመቀ ሲመጣ ሽንት ወደ ኋላ ይታቆራል፣ ኩላሊት ያብጣል፣ ህመም ሳይሰማሽ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ በሆድ ውስጥ ጠልቆ የገባ ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባት ሴት አልትራሳውንድ በተነሳች ቁጥር ኩላሊቶቿም ይታዩ። ተጨማሪ ጥቂት ደቂቃ ነው። ፊኛ ላይ ያለው ግን ቶሎ ይናገራል፤ በየወሩ የሽንት ማቃጠል እያለ የሽንት ምርመራው ኢንፌክሽን የለም ካለ እሱን ጠርጥሪ።

አልትራሳውንድ «ምንም የለም» አለ። ታዲያ የለብኝም ማለት ነው?

አይደለም። በሆድ ላይ የሚደረገው ተራ አልትራሳውንድ ኦቫሪ ላይ ያለውን ከረጢት ያያል፤ አንጀትና ጅማት ላይ ያለውን ግን በአብዛኛው ያልፈዋል። በብልት በኩል የሚደረገው፣ በተለይ በሽታውን ማየት በለመደ ባለሙያ እጅ፣ እጅግ የተሻለ ነው። ኤምአርአይም ጠልቆ የገባውን ያሳያል። በጣም ትንንሽ ነጠብጣቦችን ግን ሁለቱም ላያገኙ ይችላሉ። ሲኤ 125 የሚባለው የደም ምርመራ በሽታው አለ ወይም የለም ለማለት አይበቃም።

ቀድሞ ላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ሆድን ማየት፣ ሳይደረግ አይታወቅም ይባል ነበር። የአውሮፓ የሰው ሥነ ተዋልዶና የፅንስ ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ይህን ቀይሮታል፦ ምልክቱና ምስሉ ከተገናኙ ሕክምና መጀመር ይቻላል፤ ላፓሮስኮፒ የሚያስፈልገው ምስሉ ምንም ሲያጣ ወይም መድኃኒቱ ሳይሠራ ሲቀር ነው። ላፓሮስኮፒ በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ በሚገኝበት ሀገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ህመምተኛዋ ተራ እስኪደርሳት ያለ ሕክምና መቀመጥ የለባትም።

ልጄ ገና አላገባችም። እንዴት የወሊድ መቆጣጠሪያ ይታዘዝላታል?

የእናትነት ስጋትዎ ይገባል። እዚህ ላይ መድኃኒቱ የታዘዘው ለወሊድ አይደለም፤ የወር አበባውን በማቅለል ወይም በማስቆም በሽታው በየወሩ እንዳይደማ ለማድረግ ነው። መካን አያደርጋትም። ሳይታከም የሚሰፋው በሽታ ነው ለመውለድ እንቅፋት የሚሆነው። በብልት በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድም ለልጃገረድ ግዴታ አይደለም፤ በሆድ ላይ፣ በፊንጢጣ በኩል ወይም በኤምአርአይ ማየት ይቻላል። ለሐኪሙ ይንገሩት፣ አማራጩን ይሰጣችኋል።

ድንገተኛው ካለፈ በኋላ ሕክምናው ምንድን ነው?

ለህመሙ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ችግር ያለባት ግን መጀመሪያ ሐኪሟን ታማክር። በሽታውን ለማስተኛት ሆርሞን ይሰጣል፦ ኪኒን፣ የሦስት ወር መርፌ፣ ሆርሞን ያለው ሉፕ፣ ዳይኖጄስት የሚባለው የሆርሞን ኪኒን። የሦስት ወር መርፌ በየጤና ጣቢያው ስለሚገኝ ለብዙ ኢትዮጵያዊት ሴት ቅርቡ እሱ ነው። ቶሎ ለማርገዝ ለምትፈልግ ግን አይመችም፤ ካቆሙት በኋላ እርግዝና ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም የአጥንት ጥንካሬን ይቀንሳል። ከባድ ለሆነው ኦቫሪን ለጊዜው የሚያስተኙ መርፌዎች አሉ፤ እንደ ማረጥ ያለ ሙቀትና የአጥንት መሳሳት ስለሚያመጡ በክትትል ነው።

ሆርሞን የማይደርስበት ነገር አለ። አንዴ የጠነከረ ጠባሳን አያላላም፤ የጠበበ አንጀትንና የታነቀ የሽንት ቱቦን አያስለቅቅም። እነዚህ ቀዶ ጥገና ይፈልጋሉ፤ አንጀትና ሽንት ቱቦ ሲነኩ የማህፀን ሐኪሙ ብቻውን ሳይሆን ከአንጀትና ከኩላሊት ቀዶ ጥገና ባለሙያዎች ጋር ሆኖ ቢሠራው ይመረጣል። በሽታው ከኦፕራሲዮን በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ለማርገዝ የማትፈልግ ሴት ሆርሞኑን እንድትቀጥል ትመከራለች።

የሆድ ቲቢ ነው ተብያለሁ። ከኢንዶሜትሪዮሲስ ጋር ይምታታል?

ይምታታል። ሁለቱም የሆድ ህመም፣ የአንጀት መጣበቅ፣ መካንነት፣ አንዳንዴም ሆድ ውስጥ ውሃ መቋጠር ያመጣሉ። ሲኤ 125 በሁለቱም ይጨምራል። ሆድ ተከፍቶ እንኳ ነጠብጣቦቹ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ቲቢ በበዛበት ሀገር ሐኪሙ ቲቢን ማስቀደሙ ትክክል ነው። ማታ ማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስና ትኩሳት ወደ ቲቢ ያደላሉ፤ ከወር አበባ ጋር መመላለስና ከሆድ የተቀዳው ፈሳሽ ደም መሆኑ ወደ ኢንዶሜትሪዮሲስ።

የሚለየው የናሙና ምርመራ ነው። ስድስት ወር የሚወሰደውን መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት ናሙና መወሰዱን ጠይቂ። ጀምረሽው ከሆነ በራስሽ አታቋርጪ፤ ከሁለት ወር በኋላ ምንም ለውጥ ከሌለና ህመሙ አሁንም በየወሩ ከተነሳ ያንን ይዘሽ ተመለሺ።

እርግዝና ያድነዋል?

አያድነውም። የወር አበባ ስለሚቀር ብዙዎች ዘጠኙን ወርና ጡት የሚያጠቡበትን ጊዜ ቀለል ብሏቸው ያሳልፋሉ፤ ከዚያ ሊመለስ ይችላል። ለማዳን ብሎ ማርገዝን ወይም ልጅን ቶሎ መዳርን እንደ መድኃኒት የሚመክር ካለ አትስሚው።

በእርግዝና ጊዜም አልፎ አልፎ ድንገተኛ ነገር ይገጥማል። በሽታው በእርግዝና ሆርሞን ለስልሶ አንጀት ሊበሳ፣ ወይም ማህፀን ዙሪያ ያለ የደም ሥር ተቀዶ ደም ወደ ሆድ ሊፈስስ ይችላል፤ ይበልጡን በመጨረሻዎቹ ወራት። በጣም ብርቅ ነው። ቢሆንም ኢንዶሜትሪዮሲስ እንዳለባት የምታውቅ ነፍሰ ጡር ድንገተኛ ከባድ ህመም ሲይዛት ምጥ ነው ብላ ቤት መቆየት የለባትም፤ የእርግዝና ክትትል ካርዷ ላይም በሽታው ይጻፍ።

ወደ ካንሰር ይለወጣል?

በጥቂቶች፣ ከመቶ አንድ ገደማ በሚሆኑት፤ በአብዛኛውም ኦቫሪ ላይ ያለው ነው። የወር አበባን ትቶ ሁልጊዜ የሚያም፣ በፍጥነት የሚያድግ ወይም ካረጡ በኋላ የመጣ እብጠት ካለ ግን ሳይቆይ ይመርመር።

ማህፀኔ ወጥቷል፣ የወር አበባም የለኝም። አሁንም በየጊዜው ሆዴን ይይዘኛል፤ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ማህፀን መውጣቱ የወር አበባን ያስቀራል፤ አንጀትና ፊኛ ላይ ያለውን በሽታ ግን አብሮ አያወጣም። ኦቫሪዎችሽ ካሉ ሆርሞኑ እንደ ቀድሞው ይመነጫል፤ ደም ሳይታይ ህመሙ ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ኦቫሪ ወጥቶም፣ ካረጡም በኋላ፣ ሰውነት በተለይም የስብ ህዋስ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን በጥቂቱ ይሠራል፤ ለማረጥ ስሜት የሚወሰደው የሆርሞን ኪኒንም ያነቃዋል። በበሽታው ከተያዙት ከመቶ ከሁለት እስከ አምስት የሚሆኑት ያረጡ ሴቶች ናቸው።

ህመሙ የአሮጌ ጠባሳ መጣበቅም ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ወደ አዲስ ሐኪም ስትሄጂ የድሮውን የኦፕራሲዮን ሪፖርት ይዘሽ ሂጂ፤ ከሌለሽ ከተሠራሽበት ሆስፒታል የመዝገብ ክፍል አስፈልገሽ አውጪ። እዚያ ላይ መታየት ያለበት ኦቫሪዎቹ ቀርተዋል ወይስ ወጥተዋል፣ አንጀትና ፊኛ ላይ የታየ ነገር ነበር ወይ፣ ከታየስ ተነሥቷል ወይስ እዚያው ተትቷል የሚለው ነው።